ደለሉ እስኪረጋ

(በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ይህ አይላክም። ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።»)

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

የእህቴ ልጅ ሙኒራ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ጀርመን አገር ድረስ ይከተልሽ።

ልጄ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም፤ እንዲሁ ልጻፈው። ልጄ ቡርሀን የለም። ሐምሌ ዘጠኝ ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ መረቡን ሊያነሳ በታንኳ ወጣ። መረቡ የተጣለው ልጆች ሆናችሁ ደንገል የምታጭዱበት ቦታ ነው፤ ጎርፉ ወደ ሐይቁ የሚገባበት። ደመናው በዘጌ በኩል ሲጠቁር ደጅ ቆሜ አይቻለሁ። ተመለስ ብዬ ጮህሁ። እኔ ደንቆሮ፣ እሱ ሩቅ፣ ማን ማንን ይሰማል? በማግሥቱ ታንኳው ተገልብጦ ተገኘ። መረቡም ተገኘ፤ ሁለት ቀረሶ ዓሣ ይዞ ነበር። እሱ አልተገኘም።

ዐሥር ቀን ፈለግን። ታንኳ ያለው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ወጣ። እዚያ ቦታ ጭቃው መጨረሻ የለውም፤ እዚያ የገባ አይንሳፈፍም አሉ ሽማግሌዎቹ። ትናንት ሼሁ ሬሳ በሌለበት አሰገዱለት። ውኃ የወሰደው ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው ብለው አጽናኑኝ። እኔ ግን ያጠብሁት፣ የከፈንሁት፣ አፈር የመለስሁበት ልጅ የለኝም።

እናትሽ የሞተች ጊዜ አርባ ቀን ደብቀንሽ፣ «ሁለተኛ እንዳትደብቁኝ» ብለሽ አስምለሽኛል። ስለዚህ ጻፍሁ። ጽፌ ሳበቃ ጎረቤታችን ባንቺአየሁ ሽሮ ይዛ መጣች። ምን እንደምጽፍ ስነግራት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «መርዶ በወረቀት ይነገራል እንዴ? ማን ይይዛታል? በር ዘግታ ለብቻዋ ልታነበው ነው?» ብላ ጮኸች። ስለጮኸች ሰማኋት።

እውነቷን ነው። ማን ይይዝሻል?

አጎትሽ አብዱልከሪም


ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ።

ለምወድሽ ልጄ ሙኒራ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጆሮዬ በቀር አለሁ። ጆሮዬ ጭራሽ ዘግቷል። ባለፈው ስትደውይ ባንቺአየሁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ብትለጥፈው የሰማሁት ዓሣ ሲጠበስ የሚያሰማውን ብቻ ነው። ኢንተርኔት የምትሉትም ከጠፋ ቆየ። ስለዚህ መሠረተ ትምህርት ባስጨበጠኝ ፊደል ጻፍሁ፤ አንቺም በፖስታ መልሺልኝ።

ክረምቱ ዘንድሮ ጨክኗል። ጎርፉ የገበሬውን አፈር ጠርጎ ሐይቁ ላይ እየደፋው ነው፤ ውኃው ቀይ ሆኗል። እምቦጩም ብሶበታል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምማረው ስለ ጭቃ ነው ያልሽ ጊዜ ስቄብሻለሁ። ጭቃ ለመማር ጀርመን ድረስ! ብያለሁ። አሁን ግን የምሬን ነው። ከውኃ በታች ያለ ጭቃ ድንጋይ ይሆናል ብለሽኝ ነበር። እንዴት ነው የሚሆነው? ማን ያጠነክረዋል? ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር አድርገሽ ንገሪኝ።

አጎትሽ


ብሬመን፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአብዱልከሪም፤ ወዐለይኩም ሰላም! ከክረምቱ ወደ አደዩ አላህ በጤና አሸጋግሮዎት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

አጎቴ፣ ደብዳቤዎን ደረጃ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ቤት እስክገባ አላስቻለኝም። እዚህ በፖስታ ሣጥኔ የሚገባው የመብራትና የኪራይ ወረቀት ብቻ ነው። የሰው እጅ ጽሑፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ደግሞ ስለ ጭቃ ጠየቁኝ! ስድስት ዓመት ሙሉ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር።

የምሠራበትን ልንገርዎ። እንደ መጋዘን የሰፋ ማቀዝቀዣ ቤት ነው። ከሐይቅና ከባሕር ወለል በቱቦ የተወጋ ጭቃ በየመደርደሪያው ተጋድሟል፤ የጣናም አለ። ጃኬት ደርቤ፣ ጓንት አጥልቄ እገባለሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከአፌ የሚወጣው ለጥበቃው ሰውዬ የምለው «ሃሎ» ብቻ ነው። እሱም «ሃሎ» ይለኛል። በቃ።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ጎርፉ ያመጣው ደለል ሐይቅ ሲገባ ጉልበቱ ይደክምና ይዘቅጣል። መጀመሪያ ሲዘቅጥ ከአፈሩ ውኃው ይበዛል፤ ለዚህ ነው እግር የሚያሰጥመው። ከርሞ ሌላ ደለል ይደረብበታል፣ ደግሞ ሌላ። የላዩ የታቹን ይጫነዋል። እናቴ አይብ በጨርቅ ቋጥራ ድንጋይ ስትጭንበት አጓቱ ሲንጠባጠብ አይተው የለ? ልክ እንደዚያ ውኃው ተጨምቆ ይወጣል፤ አፈሩ እርስ በርሱ ይጠጋጋል። ይህ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ማጣበቂያው ኋላ ይመጣል፤ ሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ።

እኔን ሊሸኙኝ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሱ አባይ በረሃ ላይ ፍሬኑ ግሎ የቆመ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ገደሉ እንደ ጥለት ንብርብር ነበር። ያ ሁሉ ድሮ የባሕር ጭቃና አሸዋ ነው። ቡርሀን ወርዶ የዛጎል ምልክት ያለበት ድንጋይ አንሥቶ ሰጠኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ይህንን ስጽፍ ወረቀቱን የያዘልኝ እሱ ነው።

ልጅዎ ሙኒራ

ለቡርሀን፦ አንተ! ስልክህ ለምንድን ነው የተዘጋው? እንደ አምናው ውኃ ውስጥ ጥለኸው ነው አይደል? ሁለት መስመር ብትጽፍልኝ ጣትህ አይቆረጥም።


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላምና በረከት በላይሽ ይውረድ ልጄ።

ወረቀትሽ ደረሰኝ። የአይቡን ነገር ወደድሁት። ባንቺአየሁም «እንዲህ አስረድተው ቢነግሩን ይገባን ኖሯል!» አለች።

ብቻ ሳይገባኝ የቀረ ነገር አለ። አንድ ነገር ጭቃው ላይ ቢወድቅ፣ ቅጠል በይው፣ ዓሣ በይው፣ በወደቀበት ይቀራል ወይስ ውኃው ሲያዞረው ይኖራል? ከተሸፈነስ በኋላ?

ሁለተኛው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ደንገሉ አፍ እሄዳለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ጉልበቴ ይጮሃል እንጂ እደርሳለሁ። ታንኳ የምገፋበትን ዘንግ ቁልቁል እየወጋሁ እለካለሁ። ሦስት ክንድ ያህል እንደ ገንፎ ይገባል። ባለፈው ግን ከአንዱ ቦታ ዘንጉ ተመታ። እጄ ላይ ተሰማኝ። ጠንክሯል ማለት ነው? በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊጠነክር ይችላል?

እዚህ ሁሉ እንደነበረ ነው። አዲስ ታንኳ አልሠራሁም፤ የሚገዛም የለ።

አጎትሽ


ብሬመን፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤ ሰላምዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎን አላህ ያጽናው።

በዚህ ዕድሜዎ ሐይቅ መውጋት ምን ይባላል? «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲሉ ያሳደጉን እርስዎ አይደሉም? ያ ሰነፍ ልጅዎ እያለ እርስዎ ሁለት ሰዓት የሚገፉት ለምንድን ነው?

ዘንግዎን የመታው አዲስ ድንጋይ አይደለም። በአንድ ክረምት የሚጠነክር ነገር የለም። ምናልባት የሐይቁ አሮጌ ወለል ይሆናል። ጣና ከዐሥራ ስድስት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሊደርቅ ደርሶ ነበር፤ ወለሉ ያኔ ፀሐይ መትቶት ደርቋል። እዚህ ካለው ቱቦ በታችኛው ጫፍ በኩል ያን ደረቅ አፈር በእጄ ነክቼዋለሁ። ከላዩ ምን እንዳለ ያውቃሉ? ደንገል! ያን ሁሉ ዘመን ተቀብሮ ጭራሮው ዛሬም በዓይን ይለያል። አጎቴ እዚህ ቢሆኑ ታንኳ ይሠሩበት ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ አልቅሼ ጓንቴን አረጠብኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ይኸው ነው። ላይ ላይ ያለውን ውኃው ያዞረው ይሆናል፤ ጭቃው ከሸፈነው በኋላ ግን የወደቀ ነገር የትም አይሄድም።

ማጣበቂያው ደግሞ እንዲህ ነው። ማንቆርቆሪያ ሲቆይ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይጋገር የለም? ውኃው ውስጥ ሟምቶ የነበረ ኖራ ነው። ከምድር በታች በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የሚያልፈው ውኃም እንዲሁ ኖራ፣ ሌላም ሌላም ማዕድን እየተወ ያልፋል። ቅንጣቱን ከቅንጣት ያጣብቀዋል። ያኔ ነው ድንጋይ ሆነ የሚባለው። ክብደቱ ያቀራርባል፣ ውኃው ያስተሳስራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኼ ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ቀረሶ ከሱቅ ገዛሁ፤ እንደ በረዶ የደረቀ፣ ከየት አገር እንደመጣ የማይታወቅ። ጠብሼ ለብቻዬ በላሁ። ጨው በዝቶበት ነበር።

ሙኒራ

ለቡርሀን፦ ዝምታህ አናደደኝ። አግብተህ ነው? ሳትነግረኝ ካገባህ ወዮልህ! በሚቀጥለው ካልጻፍክልኝ ድንጋይህን እዚህ ያለው ወንዝ ውስጥ እወረውረዋለሁ።


ባሕር ዳር፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙኒራ፤ የመጪው ረመዳን በረከት ይድረስሽ።

ዘግይቻለሁ፤ አውፍ በይኝ። ጥቂት አሞኝ ነበር። አሁን ተሽሎኛል።

ለቡርሀን የጻፍሽውን አድርሻለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ስንት ዓመት? ሺህ ነው፣ መቶ ነው፣ ቁርጡን ንገሪኝ። እኔ በሕይወት ሳለሁ ይሆናል ወይስ አይሆንም? አንቺስ ታዪዋለሽ?

አጎትሽ


ብሬመን፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጾሙን አላህ ይቀበልዎ።

ትናንት ከኢፍጧር በኋላ ሦስቱን ደብዳቤዎችዎን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ቱቦዎቹንም እንዲህ ነው የምናነባቸው፤ የጎደለው መስመር የሚታየው ጎን ለጎን ሲሆን ነው። የቡርሀን ስም አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ «አድርሻለሁ» ይላል። «ሰላም ብሎሻል» አይልም። መሳቁን አይልም። እርስዎ ስለ ቡርሀን ሳያማርሩ አንድ ገጽ ጽፈው አያውቁም! ሲተኛ ይናገሩታል፣ ሲነሣ ይናገሩታል።

ባንቺአየሁ ዘንድ ደወልኩ። «ሁሉም ደህና ነው» አለችና ድምጿ ተሰበረ፤ ዘጋችብኝ።

ሥራ አቁመው ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ቦታ እየሄዱ ጭቃ ይወጋሉ። የወደቀ ነገር ይቆያል ወይ ይላሉ። ስንት ዓመት ይላሉ። አጎቴ፣ እኔ ሞኝ ነኝ? ሞኝ ነበርኩ። ስለ ሥራዬ የጠየቁኝ መስሎኝ በደስታ ስጽፍ ከረምኩ።

ስለ እናቴ የማሉልኝን መሐላ አላነሣም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ቡርሀን የት ነው ያለው? ብቻዋን ናት ብለው አይዘኑልኝ። ብቻዬን መሆኔን የሚያብስብኝ ሁላችሁ የምታውቁትን እኔ አለማወቄ ነው።

ሙኒራ


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሙኒራ፤ አላህ ልብሽን ያጽናው። ይህን ወረቀት ሰው ካጠገብሽ ሳይኖር አታንብቢው። ሰው ፈልጊ።

ከዚህ ጋር አንድ የቆየ ደብዳቤ አለ። ቀኑን ታዪዋለሽ፤ ሐምሌ 19 ይላል። ጽፌው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሣጥን ውስጥ አኖርሁት። አሁን ላክሁት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አንብበሽ ከሆነ እንግዲህ የቀረውን ልንገርሽ። ስለ ድንጋዩ የጠየቅሁሽ ላታልልሽ አይደለም። ጭቃው ድንጋይ የሚሆን ከሆነ መቃብር ነው አልሁ። መቃብር ካለው መርዶውን ከነመቃብሩ እነግራታለሁ፤ ወንድምሽ እዚህ አርፏል፣ በላዩ ድንጋይ አለው እላታለሁ ብዬ ነበር። ጭቃ ሆኖ ከቀረ ግን ልጄን ሜዳ ላይ ጥዬው ነው የምኖረው። ለዚህ ነው በዘንግ የምፈልገው፤ እሱን ባላገኝ ጠንካራውን ላገኝለት። ዘንጉ የተመታ ዕለት እንዴት ደስ እንዳለኝ! አንቺ ግን አሮጌ ወለል ነው አልሽኝ።

አድርሻለሁ ያልሁሽ ውሸት አይደለም። በየደብዳቤሽ ግርጌ ለእሱ የጻፍሽውን ይዤ እዚያው ሄጄ፣ ታንኳውን አቁሜ፣ ጮክ ብዬ አንብቤለታለሁ። ድምፄ ለራሴ አይሰማኝም። ለእሱ ይሰማው እንደሆነ አላውቅም። «አግብተህ ነው?» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ማንበብ አቃተኝ።

በድዬሻለሁ። አውፍ በይኝ።

አጎትሽ አብዱልከሪም


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙኒራ ልጄ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ሁለት ወር ሆነ፤ ምንም የለም። ፖስታ ቤት በየሳምንቱ እሄዳለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሔራን ትባላለች፤ ገና ከበር ስታየኝ በእጇ «የለም» ትለኛለች፤ እንዳልደክም ብላ ነው።

ብትቆጪም ጻፊ። ስድብም ቢሆን ጻፊ። ከናንተ በቀር ሰው የለኝም። ናንተ ብዬ ጻፍሁ ደግሞ፤ አንቺ ማለቴ ነው።

አጎትሽ


ብሬመን፣ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤ አላህ ያጽናዎ፣ እኔንም ያጽናኝ።

ያልጻፍኩት ተናድጄ ነው። አሁንም ተናድጃለሁ። አንድ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? እኔ ለሞተ ሰው ቀልድ ስጽፍ ከረምኩ። «ጣትህ አይቆረጥም» ብዬዋለሁ። ስልኩን ውኃ ውስጥ ጣልከው ብዬዋለሁ። ይህንን ማን ይመልስልኛል? ስድብም ቢሆን ጻፊ ብለዋል፤ ይኸው። የማሉልኝን መሐላ አፍርሰዋል።

ማን ይይዛታል ብላ ነበር ባንቺአየሁ። ፖስታውን ሳየው አወቅኩ። ቤት ልከፍተው ፈራሁ፤ ሥራ ቦታ ሰው አለ ብዬ ይዤው ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ደግሞ ሰው ፊት መክፈቱን አፈርኩና ማቀዝቀዣ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። በጣናው መደርደሪያ ሥር ቆሜ አነበብኩት። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። የጥበቃው ሰውዬ ሮጦ መጣ። ያ «ሃሎ» የሚለኝ። ጠየቀኝ፤ የእሱም ቋንቋ የእኔም ቋንቋ ጠፋኝ። ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ከዚያ አጠገቤ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል በዚያ ብርድ በሸሚዝ ተቀምጦ አብሮኝ ቆየ። ለባንቺአየሁ ይንገሩልኝ፤ ለቅሶ ደራሽ አላጣሁም።

«ስንት ዓመት» ያሉትን ሳልመልስ ቀርቻለሁ፤ አሁን ልመልስ። በእርስዎ ዕድሜ አይሆንም። በእኔም አይሆንም። ከላዩ ብዙ መቶ ሜትር አፈር ሊጫነው ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ነው። ሐይቁ ራሱ ያን ያህል ላይቆይ ይችላል። ደስ እንዲልዎ ብዬ ልዋሽ እችል ነበር፤ ውሸት ይብቃን።

ነገር ግን ድንጋይ ከመሆኑ በፊት መርጋት አለ፤ እሱ ብዙ ዘመን አይጠይቅም። አምና ክረምት ጎርፉ አንድ ልብስ አልብሶታል፤ ዘንድሮ ሁለተኛውን እያለበሰው ነው። እዚያ ቦታ ከሆነ ያለው እዚያው ነው የሚቆየው። አፈር የመለስሁበት ልጅ የለኝም ብለዋል። ጎርፉ እየመለሰበት ነው አጎቴ፤ በየዓመቱ፣ ከላይ ከደራ አገር የገበሬውን አፈር፣ የማንንም አፈር። ይህን የሚያበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንግዎ። በወጉት ቁጥር የረጋው ይበጠበጣል፤ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀምራል። እባክዎን ይተዉት። ይርጋ።

ድንጋዩን ልኬልዎታለሁ፤ ቡርሀን አባይ በረሃ ላይ የሰጠኝን። ምናሴ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር እዚህ ሥልጠና ላይ ነበር፤ እሱ ያደርስልዎታል። ወንዝ ውስጥ እወረውረዋለሁ ብዬ ስለጻፍኩ ከዚያ ወዲህ ልነካው አልቻልኩም። እርስዎ እዚያ ወስደው ይጣሉለት። ጭቃው ድንጋይ እስኪሆን አይጠብቁ፤ የሆነውን ይውሰድ።

መቼ ትመጪያለሽ ብለው እንዳይጠይቁኝ። ፈቃድ አጥቼ፣ መንገዱ አስፈርቶኝ አይደለም። አልፈልግም። ደጁ ላይ ባዶ ታንኳ ቆሞ ማየት አልችልም።

ሙኒራ


ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለልጄ ለሙኒራ፤ ጌታዬ ለዚያ ኮቱን ላለበሰሽ ሰው ዕድሜ ይስጠው። ስሙን ጠይቂልኝ፤ ስሙን ሳላውቅ ዱዓ ማድረግ ከበደኝ። ለባንቺአየሁ አነበብሁላት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ስድብሽ ደረሰኝ። የተገባኝ ነው። ደብዳቤ መድረሱ በልጦብኝ ሔራንን መስኮቱ ላይ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ዘንጉን ትቻለሁ። ለባንቺአየሁ የልብስ ማስጫ ምሰሶ ሆኗል፤ አንሶላዋ ተሰጥቶበት ከመስኮቴ ይታየኛል። መጀመሪያ ማክሰኞ ሲደርስ እጄ የሚይዘው አጥቶ ተቸገረ። አሁን ለምዷል።

ምናሴ መጣ። ድንጋዩን በወፍራም ካልሲ ጠቅልለሽ ሰጥተሽው ኖሯል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጮኾ ያወራል፣ ሰማሁት። ዛጎሉን በጣቴ ዳሰስሁት፤ መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያን ቀን ቡርሀን ይህን ሲያነሣ እኔ አውቶቡሱ ይሄድብናል ብዬ ተቆጥቼው ነበር።

እንዳልሽኝ ልጥለው ይዤው ወጣሁ። ታንኳ የለኝም፤ የጎረቤት ተዋስሁ። ደንገሉ አፍ ደረስሁ። ውኃው ቀልቷል፤ ጎርፉ እየገባ ነው። ልብስ እያለበሰው ነው ያልሽውን አሰብሁ። ድንጋዩን ይዤ እጄን ዘረጋሁ። ልቀቀው አልሁ፤ አልለቀቀም። ጀነዛ ስንሸኝ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል፣ ሌላው ከላይ ያቀብላል። ማን ያቀብለኝ? ሰው ብቻውን ሰው አይቀብርም ልጄ። ዐሥር ቀን ስንፈልገው ሰው ነበረኝ፤ ለዚህ ግን ከአንቺ ሌላ የሚሆነኝ የለም። ይዤው ተመለስሁ። መስኮቱ ላይ አለ።

አልፈልግም ብለሻል፤ ሰምቻለሁ። ባዶ ታንኳ ማየት አልችልም ብለሻል። ያ ታንኳ የለም፤ ደንገል ስንት ወር ይቆያል? በስብሶ አለቀ። ከትናንት ወዲያ አዲስ ጀምሬያለሁ። ደንገሉን አጭጄ ደጁ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ዝናቡ ሲያባራ ይደርቃል፣ ለመስቀል ይደርሳል። ከዱሮው ሰፋ ይላል፤ ሁለት ሰው ይይዛል። የፊተኛው ቦታ የአንቺ ነው፤ እኔ ከኋላ እገፋለሁ።

ስትመጪ ቦቲ ጫማ ይዘሽ ነይ። ጭቃው ገና ጉልበት ድረስ ያሰጥማል።

አጎትሽ አብዱልከሪም